የትኛው ቮልስ? ስለ አንድ አሮጌ መኪና ቦዲ የኮምፒውተር ሞዴል የተካሄደ ውይይት

ይህን የኢንተርኔት መድረክ የውይይት ክር የከፈተችው አዲስ አበባ የምትኖር የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት። አጎቷ ለረጅም ዓመታት የነዷትንና አሁን ግቢ ውስጥ የቆመችውን ቮልስዋገን፣ ሁላችንም ቮልስ የምንላትን መኪና፣ በኮምፒውተር ስሪ ዲ ሞዴል አድርጋ ለማስቀረት እንደተነሣችና ለሥራውም ብሌንደር የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር እንደምትጠቀም ገልጻለች። ከኢንተርኔት ያወረደችው ባለ አራት እይታ ንድፍ ግን እርስ በርሱ አልስማማ ብሏታል፤ ከጎን የሚታየው ጣሪያ ከፊት ከሚታየው ከፍ ይላል፣ የኋላ መስኮቱም ግቢ ካለችው መኪና መስኮት ጋር አይገጥምም። ጣሪያውን ሠርታ ስታለሰልሰው ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ቆርቆሮ ሞገድ እየሠራ አስቸግሯታል። ጥያቄዋ ሁለት ነበር፤ ከሚገኙት ንድፎች ትክክለኛው የትኛው ነው? በቤት ውስጥ መሣሪያስ ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስሕተት ያለው ሞዴል መሥራት ይቻላል? ሊብሬው ላይ የመኪናዋ የሥራ ዘመን 1957 ተብሎ መጻፉን መጨረሻ ላይ እግረ መንገዷን ጠቅሳለች፤ ከዚያች ቁጥር ብዙ ነገር እንደሚመዘዝ የጠረጠረች አይመስልም።

1ኛው ምላሽ በጨዋ ሰላምታ ይጀምራል። ጸሐፊው ንድፍ የሌላ ሰው ግምት እንጂ ማስረጃ አለመሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ ማንኛውንም ንድፍ ከማመኗ በፊት በፊትና በኋላ ጎማዎች እምብርት መካከል ያለውን ርቀት እንድትመለከት ይመክራታል። በቮልስ ላይ ይህ ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጎኑንና የላዩን እይታ ሁለቱንም በዚህ ልክ አስተካክላ ስታበቃ ጠቅላላ ርዝመታቸው እኩል ካልመጣ ንድፉን መጣል እንጂ መጠገን አይገባትም ይላል። 2ኛው ምላሽ በአክብሮት አርሞታል። እ.ኤ.አ. በ1970 የጀመረው 1302 የተባለው የቮልስ ሞዴል እና ተከትሎት የመጣው 1303 የፊት እግራቸው አሠራር ስለተለወጠ ርቀቱ 2420 ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ 1303 ደግሞ የፊት መስታወቱ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ጎበጥ ያለ እንደሆነ አስታውሶ፣ ኢንተርኔት ላይ ከሚዞሩት ንድፎች ብዙዎቹ የአንዱን ዘመን ፊት ከሌላው ዘመን ጎን ጋር አጣብቀው የተሠሩ ስለሆኑ በቅድሚያ ዓመቱ ይታወቅ ብሏል። እኔም ክሩን ሳነብ የነገሩ ሁሉ መነሻ ሆኖ ያገኘሁት ይኸንኑ ነው፤ ቮልስ የሚባል አንድ ቅርጽ የለም።

3ኛው ተሳታፊ ሊብሬውን ይዞ ሮጠ። መኪናዋ የ1957 ከሆነች የኋላ መስኮቷ እንቁላል ቅርጽ ያለው መሆን እንዳለበትና ጠያቂዋም የእንቁላል መስኮቱን ንድፍ ፈልጋ እንድትይዝ በልበ ሙሉነት ጻፈ። 4ኛው ምላሽ በቁጣ የተጻፈ ነው። አንድ የኢትዮጵያ ሊብሬ ላይ 1957 የሚል ቁጥር አይቶ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጠይቁ መልስ መስጠት ሰውን ለወራት የሚያደክም ምክር እንደሆነ ይናገራል። በእኛ 1957 ከሆነ ከሴፕቴምበር 1964 እስከ ሴፕቴምበር 1965 ያለው ጊዜ ነውና መኪናዋ ፈጽሞ ሌላ መኪና ናት። ቁጣውን ትተን ትምህርቱን ብንወስድ ጥሩ ነው፤ ሰውዬው ቀጥሎ የዘረዘረው ከጠቅላላው ክር ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የኋላ መስኮቱ እ.ኤ.አ. እስከ ማርች 1953 ድረስ መሐሉ በላሜራ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ አንድ ወጥ እንቁላል ሆነ፤ በኦገስት 1957 ወደ ሰፊ አራት ማዕዘን ተለወጠ። በኦገስት 1964 መስኮቶቹ ሁሉ እንደገና ሰፉ፤ የፊት መስታወቱም በ28 ሚሊ ሜትር ወደ ጣሪያው ዘልቆ ጥቂት ጎበጠ። በኦገስት 1967 የፊት መብራቶቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ፓራውልቶቹ፣ ማለትም የፊትና የኋላ ግጭት መከላከያዎቹ፣ ከፍ አሉ፤ የፊት ኮፈኑና የሞተሩ ክዳንም አጠሩ። ስለዚህ ሊብሬውን ትታ የኋላውን መቀመጫ አንሥታ መሐል ላሜራው ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ታንብብ፤ ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ በ11 ይጀምርና ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ይነግራል፤ 115 ከሆነ 1965፣ 117 ከሆነ 1967 ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም ጨምሯል፤ ብራዚል ውስጥ የተሠሩት ቮልሶች ትንንሾቹን የድሮ መስኮቶች ይዘው ስለቀጠሉ መስኮትን ብቻ አይቶ ዓመት መቁረጥ ያሳስታል።

5ኛው ምላሽ ዕድሜያቸውን በጋራዥ በቦዲ ሥራ ላይ ያሳለፉ ጡረተኛ ነው የጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሽ ይሏቸዋል። ጠያቂዋን ልጄ ብለው ጠርተው፣ ፋብሪካው የሠራውንና ግቢ ውስጥ የቆመውን አንድ አድርጋ እንዳታይ ይመክሯታል። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች፣ ማለትም ከጎማዎቹ በላይ ያሉት መሸፈኛ ላሜራዎች፣ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል ያለችው ቀጭን ማሰሪያ ክር ተነሥታ ብሎኖቹ ከተፈቱ ፓራፋንጎው በሌላ ይተካል። በዚህ ምክንያት የ1965 ቦዲ የ1970 ፓራፋንጎ ለብሶ፣ ግራው ከአንድ መኪና፣ ቀኙ ከሌላ መጥቶ መገኘቱ እሳቸው በሠሩባቸው ዓመታት ብርቅ አልነበረም። ላሜራው ላይ ደግሞ ስቱኮ አለ። የተጋጨ በር ተቀጥቅጦ ከተስተካከለ በኋላ የሚለበሰው ስቱኮ ቦታ ቦታው ላይ ብዙ ሚሊ ሜትር ሊወፍር ይችላልና 5 ሚሊ ሜትር ልክነት የሚፈልግ ሰው የላሜራውን ልክ ነው ወይስ የስቱኮውን ልክ የሚወስደው ብለው ይጠይቃሉ። ማግኔት ይዛ በቦዲው ላይ እንድትሄድ፣ ማግኔቱ የሚላላበትን ቦታ በጠመኔ እንድትከብና ከዚያ ቦታ መለኪያ እንዳትወስድ ነግረዋታል። ብዙ ጊዜ ያልተነካ የሚገኘው ጣሪያው፣ የበሩ ዙሪያ ክፈፍና ወለሉ ስለሆነ መሠረቷ እነሱ ይሁኑ።

ቀጥለው የአለካክ ዘዴያቸውን ጻፉ፤ በጣም ያስደሰተኝም ይህ ነው። መኪናዋ ለስላሳና ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ትቆማለች። ያረጀ ሞላ አንዱን ጎን ስለሚያስተኛ በጎማዋ ላይ ሳይሆን ወለሏ በካቫሌቶ (በመደገፊያ መቆሚያ) ተደግፎ፣ የበሩ ደፍ በውሃ ልክ ተስተካክሎ መሆን አለበት። ከፊት ፓራውልት መሐል እስከ ኋላው መሐል ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር ይሠመራል፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩም ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ከቦዲው ጠርዝ ቱንቢ እየጣሉ የወደቀበትን ነጥብ ሲሚንቶው ላይ ማስፈር ነው፤ ከፍታው በሜትር ይለካል፤ ከመሐል መስመሩ ያለው ርቀትም እንዲሁ። ጣሪያውን ለመለካት ሁለት ቱቦላሬ ግራና ቀኝ አቁሞ ሦስተኛውን አግድም በላያቸው አሳርፎ፣ ከአግድሙ ወደ ጣሪያው የሚወርደውን ርቀት መለካት ይበቃል። ሥራው አሰልቺ ቢሆንም ከቱንቢ የሚወጣ ቁጥር አይዋሽም ብለዋል።

6ኛው ጸሐፊ ወጣት ይመስላል። የቱንቢና የጠመኔ ዘመን እንዳለፈ፣ የዛሬ ስልክ ሌዘር ስላለው መኪናውን ዞሮ በጥቂት ደቂቃ ሞዴል እንደሚያወጣ፣ ይህን ሁሉ መጻፍም ጊዜ ማባከን እንደሆነ አስፍሯል። ጋሽን ሳይጠቅስ ቢጽፍም ለማን እንደሆነ ሁሉም አውቆታል። 7ኛው ምላሽ የመለሰለት በቁጥር ነው፤ የስልክ ሌዘር ለክፍል ስፋትና ለዕቃ አቀማመጥ የሚበቃ ሆኖ ስሕተቱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ስለሆነ የበር ክፍተቶችንና የኮፈን ጠርዞችን አሟሙቶ ያጠፋቸዋል። በተሻለ ዋጋ የተሻለ ልክነት የሚሰጠው ብዙ ፎቶግራፎችን በማጣጣም የሚሠራው ፎቶግራሜትሪ እንደሆነ፣ ለዚህም እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር ቢያንስ ከግማሽ በላይ መደራረብ እንዳለበት ያብራራል። ፎቶግራሜትሪ በራሱ መጠን አያውቅም፤ ከሚሊዮን ነጥቦቹ አንዱም መኪናዋ አሻንጉሊት ትሁን እውነተኛ ሊናገር አይችልም። በትክክል 2 ሜትር ተለክቶ የተቆረጠ ቱቦላሬ አጠገቧ ተቀምጦ አብሮ መነሣት ያለበት ለዚህ ነው። የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ክሮምና መስታወት ደግሞ የዘዴው ጠላቶች ናቸው፤ ሶፍትዌሩ ነጥቡን የሚያውቀው በመልኩ ሲሆን ነጸብራቅ ግን ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ከ8ኛው እስከ 11ኛው ያሉት ምላሾች ይህን ነጸብራቅ እንዴት እናጥፋ በሚል የተሞሉ ናቸው። አንዱ ዱቄት ይነፋበት አለ፤ ሌላው ዱቄት ከጤዛ ጋር ሲገናኝ ሊጥ ሆኖ ቀለሙ ላይ እንደሚጣበቅ ገልጾ የሕፃን ፓውደር ይሻላል አለ። 10ኛው መኪናዋ ሳትታጠብ ትቆይ፣ የበጋ አቧራ ያለ ገንዘብ የሚሠራ ምርጥ ማደብዘዣ ነው ብሎ ሁላችንንም አሳቀን፤ ቁም ነገሩ ግን እውነት ነው። 11ኛው በወረቀት ፕላስተር ቁርጥራጮችና በትንንሽ ተለጣፊ ክቦች ቦዲውን መሙላት ለሶፍትዌሩ መያዣ እንደሚሆን፣ ፎቶውም ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር ወይም ፀሐይ ሳትወጣ በማለዳ እንዲነሣ ይመክራል። መሐል ላይ ስለ መኪና እጥበት ዋጋ ጥቂት ተባብለው ነበር፤ እሱን አልፌዋለሁ።

12ኛው ምላሽ አጭር ሆኖ ሳለ ብዙ ያስተካከለ ነው። ጠያቂዋ ንድፉን ትታ ከጎን ያነሣችውን ፎቶ መደገፊያ አድርጋ ልትሠራ እንደሆነ በመሐል ጽፋ ስለነበር፣ ፎቶውን ከምን ያህል ርቀት እንዳነሣችው ጠየቃት፤ የግቢው ስፋት ስለማይበቃ ከ5 ሜትር ገደማ እንደሆነ መለሰች። ሒሳቡን ሠርቶ አሳያት። ካሜራው በጎማው እምብርት ከፍታ ላይ ቢሆንና ልኩ በጎማው ቢወሰድ፣ የጣሪያው ጫፍ የሚገኘው መኪናው መሐል ላይ፣ ከጎማው 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ነው። የራቀ ነገር ያንሳልና ከ5 ሜትር የተነሣ ፎቶ ላይ ጣሪያው ከእውነተኛው 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ከ20 ሜትር በረጅም ሌንስ ቢነሣ ስሕተቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል፤ ፈጽሞ ግን አይጠፋም። 5 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ሰው ፎቶን መነሻ ሳይሆን ማመሳከሪያ ያድርገው ብሎ ዘጋ። ከኢንተርኔት የወረዱት ንድፎች እርስ በርስ የማይገጥሙትም ብዙዎቹ በዚሁ ዓይነት ፎቶ ላይ ተሠምረው ስለሆነ ነው የሚለው ግምቱ ሚዛን የሚደፋ ነው።

13ኛው ጸሐፊ የአሜሪካ ነዋሪ ሲሆን ክሩን ወደ ታሪክ ወሰደው። በኮምፒውተር ተለክተው ከተሳሉ የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ ዕቃዎች አንዱ ራሱ ቮልስ እንደሆነ አስታወሰ። እ.ኤ.አ. በ1972 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ኢቫን ሰዘርላንድ ተማሪዎቹን ይዞ በባለቤቱ ቮልስ ላይ ነጥብና መስመር አሠምሮ፣ በመለኪያ ዘንግ እያንዳንዱን ነጥብ አስለክቶ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቷል፤ ከለኪዎቹ መካከል ቡይ ቱዎንግ ፎንግ ነበረ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የነጸብራቅ ማስሊያ ቀመር የእሱ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ የጋሽ ቱንቢና ጠመኔ ኋላ ቀር ሳይሆን የሙያው መነሻ እንደሆነ ለ6ኛው ጸሐፊ ነገረው። 6ኛው ጸሐፊ በ14ኛው ተመልሶ ያ ሞዴል ሸካራ ባለ ብዙ ማዕዘን ገጽ እንደነበረ፣ ዓላማውም ልክነት ሳይሆን ጥላና ብርሃን መሞከሪያ መሆኑን ተናገረ። በዚህ ነጥብ ላይ ትክክል ነው፤ በአነጋገሩ ግን አይደለም፤ ሽማግሌ ደስ ለማሰኘት ታሪክ አይጣመም ማለቱ ውይይቱን አሻክሮታል።

ቮልስና ታሪክ ከተነሡ ደግሞ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። 15ኛው ጸሐፊ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱበትን ቮልስ ሞዴል መሥራት ይበልጥ እንደሚጠቅም ሐሳብ አቀረበ፤ 16ኛው ቀለሟ ሰማያዊ ነበር አለ፤ 17ኛው አረንጓዴ ናት አለ፤ 18ኛው ሁለቱንም ፖለቲካ ውስጥ ከተታቸው። የመድረኩ አስተባባሪ በ19ኛው ገብታ ቀለሙ በሌላ ክር እንዲቀጥል፣ እዚህ ግን ስለ ቅርጽ ብቻ እንዲጻፍ አሳሰበች። ለዚህ ክር ተገቢው ውሳኔ ነበር፤ ምንም እንኳ ያ ወሬ ቢስበኝም።

20ኛው ምላሽ ለሁለተኛው የጠያቂዋ ችግር፣ ለጣሪያው ሞገድ፣ የመጣ የመጀመሪያው ቀጥተኛ መልስ ነው። ጸሐፊው ሥራው የመኪና ገጽ ሞዴል ማውጣት እንደሆነ ከአጻጻፉ ይታወቃል። ጀማሪ ሁሉ ልክነትን ለማግኘት ነጥብ ያበዛል፤ ከስካኑ፣ ማለትም በፎቶ ወይም በሌዘር ከተወሰደው የነጥቦች ስብስብ፣ ላይ እያንዳንዱን ነጥብ ሲለጥፍ የስካኑን ስሕተት ሁሉ ይወርሳል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው የአንድና የሁለት ሚሊ ሜትር መዋዠቅም ብርሃን ሲያርፍበት ሞገድ ሆኖ ይታያል። የቮልስ ጣሪያ ከፊት መስታወቱ ራስ ተነሥቶ እስከ ሞተሩ ክዳን የሚወርድ አንድ ረጅም ቅስት ስለሆነ በጥቂት፣ ተራርቀው በተቀመጡ ባለ አራት ማዕዘን ገጾች መሠራት አለበት፤ ነጥብ የሚጨመረው መስኮቱ ጠርዝና የዝናብ ማፍሰሻው አጠገብ ብቻ ነው። ምርመራው እንዲሁ በዓይን ግምት ሳይሆን ሶፍትዌሩ ገጹ ላይ በሚያሳየው የጥቁርና ነጭ መስመሮች ነጸብራቅ ይካሄዳል። መስመሩ ሁለት ገጾች በሚገናኙበት ከተቆረጠ ገጾቹ ነክተዋል እንጂ አልተጣጣሙም፤ ሳይቆረጥ በድንገት ከታጠፈ አቅጣጫቸው አንድ ሆኖ ጉብጠታቸው ግን ይለያያል፤ ሳይሰበር ከፈሰሰ ጉብጠታቸውም ተስማምቷል። ፋብሪካ የሚፈልገው ሦስተኛውን ነው።

ሁለተኛ ነጥቡ ለእኔም አዲስ ነበር። ብሌንደርና መሰሎቹ የሚጠቀሙበት ማለስለሻ ኤድዊን ካትመልና ጂም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት ዘዴ ነው፤ ሁለቱም የዚያው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ይህ ዘዴ የለሰለሰውን ገጽ ሠሪው ካስቀመጣቸው ነጥቦች ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጸሐፊው የቸርኬን ጠርዝ ምሳሌ አድርጎ አስልቶታል። 15 ኢንች፣ ማለትም 381 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ክብ በ8 ነጥብ የሠራ ሰው ከለሰለሰ በኋላ የሚያገኘው ክብ በ37 ሚሊ ሜትር ያህል የጠበበ ነው፤ በ16 ነጥብ 10 ሚሊ ሜትር ያህል፤ በ32 ነጥብ ወደ ሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር። ነጥቦቹ ሁሉ ስካኑ ላይ በትክክል አርፈው ሳለ ሞዴሉ ያነሰባቸው ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁት የሚኖሩት በዚህ ነው። መፍትሔው ነጥብ ማብዛት ሳይሆን ነጥቦቹን ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ የለሰለሰው ገጽ ራሱ ስካኑ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው።

21ኛው ጸሐፊ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ለመኪና ቦዲ የማይሆን ዘዴ ስለተመረጠ ነው ብሎ ተነሣ። እውነተኛ የመኪና ገጽ በነርብስ (በሒሳብ ቀመር በሚገለጹ ቅስቶች) እንጂ በፖሊጎን (በነጥቦች በተያያዙ ባለ ማዕዘን ገጾች) አይሠራም፤ ሒሳቡም የመጣው ከመኪና ፋብሪካ ነው። ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮኤን እ.ኤ.አ. በ1959፣ ፒየር ቤዚዬ በሬኖ በ1960ዎቹ፣ የቦዲን ቅስት በቁጥር ለመጻፍ ሲደክሙ ያወጡት መንገድ እያለ የካርቱን ሠሪ መሣሪያ መጠቀም ለእሱ አይዋጥለትም። 22ኛው መልስ ስለት አለው፤ ቮልስ የተቀረጸው በ1930ዎቹ በእንጨትና በላሜራ እንጂ በቤዚዬ ቅስት አይደለም፤ ደግሞም ጠያቂዋ ያላት ብሌንደር ነው፤ ሰው ያለውን መሣሪያ ነቅፎ የሌለውን የሚያዝ ምክር ለምክር ሰጪው ክብር ካልሆነ በቀር ለማንም አይጠቅምም ብሏል። ሁለቱ እስከ 25ኛው ድረስ ተጓተቱ። ፍርዴን ብትጠይቁኝ፣ ላሜራ መምቻ ቅርጽ ለሚያሠራ ሰው 21ኛው ትክክል ነው፤ ለዚህች ልጅ ግን አይደለም።

ስለ ዓላማው የጠየቀው ግን 26ኛው ብቻ መሆኑ ይገርማል። ሞዴሉ በ1 ለ18 ልክ ለማተም ከሆነ መኪናዋ 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ትሆናለች፤ በእውነተኛው ቦዲ ላይ ያለ የ2 ሚሊ ሜትር ስሕተት ኅትመቱ ላይ ወደ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያንሳልና ማንም አያየውም። ፓራፋንጎ ለማስቆረጥ ከሆነ ግን ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ በ2 ሚሊ ሜትር ከሳተ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ለጨዋታ ወይም ለአኒሜሽን ከሆነ ደግሞ ከልክነት ይልቅ የነጸብራቁ አፈሳሰስ ይቀድማል።

ጀርመን አገር የሚኖረው 27ኛው ጸሐፊ ቮልፍስቡርግ የሚገኘውን የቮልስዋገን ሙዚየም ሄዶ ፎቶ ሊያነሣላት ፈቃደኛ መሆኑን ገልጾ፣ ፋብሪካው የሠራውን ቅርጽ ከዚያ መውሰድ ይሻላል አለ። 28ኛው ገመድ ታጥሮባት በቆመች መኪና ላይ ቱንቢ መጣል እንደማይቻል፣ የሙዚየም መኪናም ታድሳ የተቀባች ልትሆን ስለምትችል የፋብሪካው ምስክር ናት ማለት እንደማያስኬድ በትሕትና መለሰለት። ጀርመን ያለውም ቅር አላለውም፤ ቢያንስ የበር እጀታዎችንና የመብራት ክፈፎችን በቅርብ አነሣለሁ አለ።

በ29ኛው አንድ ሰው ግማሹን ብቻ ሠርታ በመስታወት ዘዴ ወደ ሌላው ጎን እንድትገለብጠው መከረ፤ ይህን የማይሠራ የመኪና ሞዴል ሠሪ የለም። ጋሽ በ30ኛው ተመልሰው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የትኛውን ግማሽ? በሁለቱ ጎኖች የተወሰዱት መለኪያዎች በአንድ ሴንቲ ሜትር ቢለያዩ መካከለኛውን መውሰድ የትኛውንም መኪና የማይመስል ሦስተኛ መኪና መፍጠር ነው። ስቱኮ ያልነካው ጎን ተለይቶ እሱ ይገልበጥ፤ ይህ ግን ፋብሪካ የሠራትን ቮልስ ያወጣል እንጂ የአጎቷን አይደለም። የአጎቷን የምትፈልግ ከሆነ ሁለቱንም ጎን ለየብቻ ትሥራ፤ ያ ጉድጓድና ያ ጉብታም ከነምክንያታቸው ይግቡ። 6ኛው ጸሐፊ በ31ኛው ይህን ሲደግፍ ማየቴ አስገርሞኛል፤ ለይቅርታ የቀረበ ቃል ባይጽፍም ጋሽ ብሎ ጠርቷቸዋል።

32ኛው የጠያቂዋ ነው። የኋላውን መቀመጫ አንሥታ የሻንሲ ቁጥሩን አንብባለች፤ በ115 ይጀምራል። ሊብሬው በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ኖሯል፤ መኪናዋም የ1965 ሞዴል ናት፤ የሰፋው የኋላ መስኮቷ በቦታው ነው። የፊት ግራ ፓራፋንጎ ላይ ግን መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የቀኙ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው፤ አጎቷም ስለዚህ ሲጠየቁ መኪና ገጭቷቸው ጋራዥ ያገኘላቸውን እንደለበሱ ብቻ ተናግረዋል። ሁለት ፋይል ለመሥራት ወስናለች። አንዱ ግቢ ውስጥ እንዳለችው፣ ግራና ቀኙ ሳይመሳሰል፤ ሁለተኛው ያልተነካውን የቀኝ ጎን ገልብጣ፣ በ1965 እንደወጣችው። ማግኔቱ በግራ በር ታችኛው ክፍል ላይ ፈጽሞ አልይዝ እንዳለ ጽፋ፣ ከዚያ በታች ላሜራ መኖሩን እንዴት እንደምታውቅ ጋሽን ጠየቀች።

ጋሽ በ33ኛው በሩን ከፍታ ከውስጥ በኩል በጣቷ እንድትዳስሰው፣ ዝገት ቆርሶት ከሆነ ስቱኮው ብቻውን እንደቆመ፣ እንደዚያ ከሆነም ከመለካቷ በፊት እዚያ ቦታ ላይ እጇን እንዳትደገፍ ነገሯት። 34ኛው ደግሞ ፋይሉን ወደ ሌላ ሶፍትዌር ስታሻግር ሚሊ ሜትር ሜትር ሆኖ 2400 ሜትር የጎማ ርቀት ያለው ቮልስ እንዳይወጣባት መለኪያውን አስቀድማ እንድትወስን አስጠንቅቋል።